ሠላሳ ሰባቱ ልክ ናቸው

ነሐሴ 24 ቀን 1976

ዝናብ። ፎገራ ውሃ ተኝቶበታል፤ የወረታ ሰው ጫማውን በብብቱ ሸጉጦ ይሄዳል። የኅብረት ሥራ ማኅበራችን ላንድሮቨር ከግንቦት ጀምሮ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ዛሬ የሞተሩ ሰንሰለት ከአዲስ አበባ መጣ… በሦስት ወሩ! በእግሩ ነው እንዴ የመጣው?

ሊቀ መንበራችን ጓድ አያልነህ ጋራዥ ድረስ መጥቶ፣ «ለመስከረም ሁለት ሰልፍ ይደርሳል» አለኝ። አልጠየቀኝም፤ ነገረኝ። ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ቆሞበት ሊያልፍ ነው።

ባይደርስስ? ከኔ በፊት እዚህ የሚሠራው አያ አለኸኝ ነበር። መካኒክነትን ያስተማረኝም እሱ ነው። አሮጌው ሰንሰለት ሲበጠስ «አሻጥር ነው፣ ሆን ብሎ ነው» ተባለ። ሞተሩን ከፍቶ ያየ የለም። ኮሚቴው ተሰብስበን እጅ አውጥተን ፈረድንበት። ይኸው ደብረ ታቦር ታስሯል።

አውጥተን ነው ያልኩት… እኔም ነበርኩ።

ነሐሴ 26

ሰንሰለቱ ሲበጠስ የተጣመሙትን ቫልቮች ቀይሬ አዲሱን ሰንሰለት አስገባሁ። የታችኛው ጥርሳም መዘውር ላይ አንድ ነጥብ አለ፣ የላይኛው ላይ አንድ። አንደኛው ፒስተን ጫፍ ሲደርስ ነጥቦቹ ፊት ለፊት መተያየት አለባቸው። የኔዎቹ ተኳርፈዋል። አንድ ጥርስ ስቻለሁ።

«እንደገና ልፍታው» አልኩት ጓድ አያልነህን።

«ስንት ጥርስ አለው?»

«የላይኛው ሠላሳ ስምንት።»

«የሳተው ስንት ነው?»

«አንድ።»

«ታዲያ ሠላሳ ሰባቱ ልክ ናቸዋ!»

ምን ይባላል? ሂሳብ ያውቃል።

ነሐሴ 27

ስብሰባ። አጀንዳ፦ የላንድሮቨሩ ታይሚንግ፣ የነጥቦቹ መተያየት ማለት ነው። ወላሂ አልዋሸሁም። ሦስት ሰዓት ፈጀ። ባለሱቁ ኢሳቅ እንኳ ስለ ሞተር አስተያየት ሰጠ… ሳሙና ሻጩ ኢሳቅ!

«ልክ ነው የምትሉ?»

ሰባት እጅ ወጣ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ሰባተኛው እጅ ግራሶ ነበረበት።

አፈርኩ። ሌላ ምን ልጻፍ?

ነሐሴ 28

ሹፌሩ አያ ደሳለው መጣ። የኮሚቴ አባል ስላልሆነ ድምፅ የለውም፤ መኪናውን የሚነዳው ብቻ ነው።

«ሞተሩስ እጁን አወጣ?» አለኝ። «አለኸኝ እንደሁ በእጁ ሁለት ዙር ሳያዞር ቁልፍ አያስነካም ነበር» ብሎኝ ሄደ።

በእጄ አዞርኩት። አንዱን ዙር ሳልጨርስ ቀጭ ብሎ ቆመ። ቫልቭ ከፒስተን ተጋጨ። አልታገልኩትም። ሞተሩ በውሳኔው አልተስማማም።

የጋራዡን በር ዘግቼ ፈታሁት። ፈትቼው ሳለ አሮጌውን ሰንሰለት ከአዲሱ ጎን ዘረጋሁት… እንዲሁ፣ ነገሩ ሲከነክነኝ። ዐይኖቹን ቆጠርኩ፤ እኩል ናቸው። ርዝመቱ ግን አሮጌው በአውራ ጣት ይበልጣል። የመጋዝ ምልክት የለው፣ የመዶሻ የለው። ተስቦ ተስቦ ያለቀ ነው። አያ አለኸኝን ያሳሰረው የሰንሰለት እርጅና ነው… እና እጃችን።

የአዲሱን ልክ በሲባጎ ወስጄ አስቀመጥኩ። አንዷን ጥርስ መለስኩ። ሁለት ዙር አዞርኩ። ነጥቦቹ ተያዩ። ቢስሚላህ ብዬ ቁልፉን ነካሁት፤ ተነሣ። ለማንም አልተናገርኩም።

መስከረም 2 ቀን 1977

ሰልፍ። ላንድሮቨሩ ጭቃ እየረጨን አለፈ። ጓድ አያልነህ በንግግሩ «በኮሚቴያችን በሳል ውሳኔ የተነሣ ሞተር!» አለ። አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብኩ። እጄ ለምዷል።

መስከረም 5

ስብሰባ። የአያ አለኸኝ ጥፋት እንደገና ጸድቆ ለበላይ አካል ይላክ ተባለ። ከተላከ አያ አለኸኝ የሚመለስ አይመስለኝም።

«የምትስማሙ?»

ስድስት እጅ። እኔ ተነሥቼ አሮጌውን ሰንሰለትና ሲባጎውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ።

«ጓድ መሐመድአወል፣ ተቃውሞ ነው?»

«ሰንሰለት ነው። ለኩት።»

ማንም አልነካውም። ኢሳቅ ጎንበስ ብሎ አየው… አየው… እጁን ግን አላወረደም። ጓድ አያልነህ ስሜን ደብተሩ ላይ ጻፈ። ስድስት ለአንድ ጸደቀ።

ነገ ለአያ አለኸኝ ስንቅ ይዤ ደብረ ታቦር እሄዳለሁ። ለባለቤቴ ለሸሪፋ ሁሉንም ነገርኳት። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። ቆሎ ቆላች፣ ዳቦ ጋገረች። አሁን ስታስር አየኋት።

ለሁለት እስረኛ ነው የቋጠረችው።