ከእኔ የወጣችው «ና»

ካሳራኒ፣ ናይሮቢ
ሐምሌ፣ ቅዳሜ ጠዋት

ለምወድሽ እናቴ፣

የጌታ ሰላም ቤትሽን ይሙላው። ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? ሐኪሙ የሰጠሽን ቅባት ትቀቢዋለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ለጎረቤት አደልሽው? ሻሸመኔ ክረምቱ ከብዷል ሲሉ ሰማሁ። የጓዳውን ቆርቆሮ ዘንድሮ ማን ወጥቶ እንደሚመታልሽ ሳስብ ብዕሬን አስቀምጬ ተነሣሁ፤ ይኸው አሁን ነው የተመለስኩት። እኔ በአካል ደህና ነኝ። ትበያለሽ ወይ እንዳትይኝ፣ እበላለሁ።

በስልክ ትቼ በወረቀት የምጽፍልሽ ፈርቼ ነው። በስልክ ሦስት ጊዜ ልነግርሽ ጀምሬ ነበር። አንቺ «ልጄ፣ በርትተሻል?» ስትይኝ ግን ስለ ዝናብና ስለ ብርድ አውርቼ እዘጋለሁ። ፊደሉን ተለቅ አድርጌዋለሁና ራስሽ አንብቢው። አንብበሽ ከጨረስሽ በኋላ ለፈለግሽው ሰው ንገሪ፤ እንዲያውም እንድትነግሪ ነው የምጽፍልሽ። የሚያደርስልሽ ሐብታሙ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ነው። ውስጡ ያለውን አያውቅም፤ ሻይ አጠጪውና በሰላም ሸኚው።

ነገሩ የወርቂቱ ነው። ሠላሳ ዓመት አጥር ለአጥር የኖርሻትን ሴት በለቅሶው ቀን ከበር እንደ መለስሻት ሰዎች ነገሩኝ። «ልጅሽ ዘርይሁን ልጄን አታሎ አስገደለው» ብለሻታል አሉ። ከዚያ ወዲህ ወርቂቱ የሴቶች ጸሎት ላይ ስትመጣ አጠገቧ የሚቀመጥ ሰው የለም አሉ። ማስረጃሽ ደግሞ ፓስፖርቱ ነው። ወንድሜን አቤኔዘርን ከቀበራችሁ በሳምንቱ ፍራሹ ሥር አገኘሽው። ፓስፖርት ያለው ልጅ፣ ሞያሌን በአውቶቡስ በቀን በብርሃን መሻገር የሚችል ልጅ፣ ጓደኛው ካላሳሳተው በቀር ለምን በጭነት መኪና ውስጥ ይደበቃል? ብለሽ ጠየቅሽ። ልክ ነሽ እማዬ፣ ጥያቄው ያ ነው። መልሱ ያለው ግን እኔ ጋ ነው።

ከአምስት ዓመት በፊት እዚህ ስገባ፣ የስደተኛ መመዝገቢያው ሰልፍ ላይ ከኋላዬ የቆመች ሴት መከረችኝ። ወደፊት ልትወስጂው የምትፈልጊው ሰው ካለ ዛሬውኑ አስመዝግቢው፣ በኋላ አይጨመርም አለችኝ። እዚህ ብዙ ሰው ያደርገዋል፤ ያለውን ወንድሙን የለም፣ የሌለውን አለ ይላል። እኔም «አብሮኝ የሚኖር ታናሽ ወንድም» ብዬ አቤኔዘርን አስመዘገብኩ። እሱ ያኔ አንቺ ጋ ሆኖ ትምህርቱን ይማር ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ትይ የለ? ሁለቱም እኔ ጋ ተገናኙ።

ዘንድሮ በመጋቢት ወደ ካናዳ የመሄጃ ፕሮሰሴ ተነሣ። ለኢንተርቪው በፋይሉ ላይ ያለ ሁሉ በአካል ይቅረብ ተባልኩ። ቢሮ ሄጄ «ዋሽቻለሁ፣ ወንድሜ አገሩ ነው» ማለት እችል ነበር። ምናልባት ፋይሌን ይጥሉት ነበር፣ ምናልባትም አይጥሉትም ነበር። አልሞከርኩትም። አምስት ዓመት የጠበቅኩት ነገር ከእጄ እንዳይወጣ ፈራሁና ለእሱ ደወልኩለት።

እሱ አልፈለገም። ይህን እወቂልኝ። ሥራ የያዘበትን ጋራዥ ወዶታል፣ ባለቤቱም ሞተር ማውረድ ሊያስተምረው ቃል ገብቶለታል። «እማዬን ማን ያያታል?» አለኝ። እኔ ካናዳ ስንገባ ጉልበትሽን እንደምናሳክምልሽ፣ ይህን የመሰለ ብዙ ነገር ነገርኩት። በመጨረሻ ሲሸነፍ፣ እንግዲያው ፓስፖርት አለኝ፣ በአውቶቡስ እመጣለሁ አለ። ፓስፖርቱን ተወው ያልኩት እኔ ነኝ። ሞያሌ ላይ ማህተም ቢመቱበት፣ አምስት ዓመት አብሮኝ ኖሯል ያልኩት ልጅ ዛሬ መግባቱ ይታወቅብኝ ነበር። ዘርይሁን ደግሞ ያኔ ወደ ደቡብ አፍሪካ ለመሄድ ደላላ ይዞ ነበር። ከእሱ ጋር ተነሥተህ ናይሮቢ ላይ ትወርዳለህ አልኩት። ዘርይሁን የራሱን መንገድ ሊሄድ የተነሣ ልጅ ነው፤ ወንድሜን የለጠፍኩበት እኔ ነኝ። አቤኔዘር ሁለት ቀን አንገራገረ። በሦስተኛው ቀን በስልክ አንዲት ቃል ጻፍኩለት፤ «ና» ብቻ። «መጣሁ» ብሎ መለሰልኝ፤ ልጆች ሳለን ከደጅ ስትጠሪን እንደምንመልስልሽ።

በዚህች ቃል ከእሱ ጋር ብዙ ስቀንባታል። እዚህ በመጣሁ ሰሞን ላቪንግተን ሰፈር ሰው ቤት ልጅ ስይዝ፣ ኬንያውያኑ በየንግግራቸው መሀል «ና» ሲሉ ማንን ነው የሚጠሩት እያልኩ ዞር ዞር እል ነበር። ለካ በስዋሂሊ «አብሮ»፣ «ከእገሌ ጋር» ማለት ነው። አስተርጓሚ ከሆንኩ በኋላ ደግሞ ሳውዝ ሲ የምትኖረው የሥራ ባልደረባዬ ሰዲቃ፣ በሶማልኛ «እኛን» ማለት ነው አለችኝ። የኦሮምኛውን አንቺም ከገበያ ታውቂዋለሽ፤ «እኔን» ነው። ይህን ሁሉ ለአቤኔዘር ስነግረው፣ «ሰብስበሽ ስታዪው እኮ ‹ና፣ አብሮ፣ እኛን፣ እኔን› የሚል አንድ ደብዳቤ ይወጣዋል» አለኝ። ያኔ ሥራዬ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር።

ከተነሡ በኋላ አራት ቀን ስልኩ ዝግ ሆነ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ደወለችልኝ። የኢትዮጵያ ልጆች ተይዘዋል፣ አማርኛ አስተርጓሚ ስለሌለን ቶሎ ድረሺ አለችኝ። ማታቱ ተሳፍሬ በቲካ መንገድ ስሄድ፣ ከተያዙት አንዱ እሱ ይሆናል ብዬ እጸልይ ነበር። መታሰሩን ነበር የምለምነው እማዬ፤ ጌታም ሰምቶኝ ይሆናል ብዬ ነበር።

ዘጠኝ ልጆች ቆመዋል። ዘርይሁንን አየሁት፣ ከጎኑ ያለውን አየሁ፣ ከኋላ ያሉትንም አንድ በአንድ አየሁ። የእኛ ልጅ የለም። መጽሐፍ ቅዱስ አስይዘው የሰማሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ እንድናገር አስማሉኝ። ከዚያ ክሱ ተነበበ። አሥራ ሁለት ሰዎች በቦሎቄ ጆንያ ሥር ተደብቀው ሲመጡ ሦስቱ አየር አጥሯቸው ሞተዋል ይላል። ይህን በአማርኛ ለልጆቹ የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ ከእኔ ይልቅ እነሱ ያውቁት ነበር።

ዳኛዋ ዘርይሁንን ከማን ጋር እንደነበረ ጠየቀችው። እሱ እኔን ላለማየት መሬት መሬት እያየ፣ «ከአቤኔዘር ጋር ነበርኩ። እጁን ይዤው ነበር» አለ። ፍርድ ቤቱ ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ ይጠብቃል። አንዲት ቃል ሳላጎድል «ኒሊኩዋ ና አቤኔዘር» አልኩ፣ የእጁንም አስከተልኩ። ያቺው ቃል ነች፤ ጠርቼ ያመጣሁበት ቃል በስዋሂሊ «አብሬው ነበርኩ» ሆና ከአፌ ወጣች። ስም ደግሞ አይተረጎምም፤ እንዳለ ነው የሚነገረው። ዳኛዋ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ አለችኝና እንደገና ደገምኩት።

ቀጥላ ማን እንደ ጠራቸው ጠየቀች። ዘርይሁን ያን ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። መልእክቱን አቤኔዘር አሳይቶት ነበር፤ ሁሉንም ያውቃል። አጠገቤ ፖሊስ ቆሟል፤ ስሜን ቢጠራ ከዚያው አልወጣም ነበር። «ማንም አልጠራንም። በራሳችን ነው የመጣነው» አለ። ይህንንም ቃል በቃል ተረጎምኩት። መሐላዬን አላፈረስኩም፤ የሰማሁትን ነው የተናገርኩት። ለአንቺ ግን በዚያው ቀን በፓስተሩ ስልክ ደውዬ፣ መምጣቱን አላውቅም ነበር፣ ሳይነግረኝ ነው የወጣው አልኩሽ። ስታለቅሺ ሰማሁሽ፤ ዋሽቼሽም አብሬሽ አለቀስኩ።

ዘርይሁን ሦስት ወር ተፈረደበት። እስር ቤት ሄጄ ጠየቅኩት። ከስቷል፣ ሌሊት እንቅልፍ የለውም፣ ቀኝ እጁን ደጋግሞ ይታጠባል አሉኝ። ለምን ዝም አልክልኝ አልኩት።

«አንቺም ብትታሰሪ ለእናታችሁ ማን ይቀራል?» አለኝ።

እናቱ ከበር እንደ ተመለሰች ነገርኩት። እሱ ግን፣ ለቅሶ ላይ ሰው ብዙ ይላል፣ ይብረድላቸው አለ። አገር ገብቶም ለማንም እንደማይናገር ነገረኝ። አሁን ቅጣቱን ጨርሷል፤ በሚመጣው ሳምንት መጨረሻ ወደ ሞያሌ ይሸኟቸዋል። ይህ ደብዳቤ ከእሱ ቀድሞ እንዲደርስ የቸኮልኩት ለዚህ ነው። ዝም ካልኩ ያ ልጅ የእኔን ተሸክሞ በአንቺ በር ሲያልፍ ዕድሜውን ይፈጃል፤ አንቺም በእውነት የሚያዝንልሽን ልጅ እየጠላሽ ትኖሪያለሽ።

የስደተኛ ቢሮው በወንድሜ ሞት አዝኖልኛል። ስሙን ከፋይሉ ሰርዘው ብቻዬን እንድቀጥል ለባለፈው ማክሰኞ ቀጥረውኝ ነበር። ማክሰኞ ልብስ ሳጥብ ዋልኩ። ይህን የነገርኩሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም፤ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ የእኔ ደግሞ ወለምታም አልነበረም። አውቄ ነው የጻፍኩት።

ለቀብሩ ያልመጣሁት ወረቀት ስለሌለኝ ነው ብዬሽ ነበር። ወረቀት የሌላቸው ስንቶች በሞያሌ ገብተው እናታቸውን ቀብረዋል። እኔ ዓይንሽን ፈርቼ ነው።

አሁን የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ሽማግሌ አትላኪ፤ ጉልበትሽ ቢያምሽም ራስሽ ወርቂቱ ቤት ሂጂ። በለቅሶው ዕለት በራችን ላይ ቆማ በኦሮምኛ «ስሚኝ፣ ስሚኝ» ትል ነበር አሉ። አሁን ስሚያት። አቤኔዘርን የጠራው ልጅሽ አይደለም፣ የእኔ ልጅ ናት በያት። ፓስፖርቱንም ይዘሽ ሂጂና አሳያት፤ አንድም ገጹ ላይ ማህተም የለም።

ዘርይሁን ሲመጣ ደግሞ፣ እኔ አውቀዋለሁ፣ ከቤቱ በፊት የእኛ ግቢ በር ላይ ይቆማል። አያንኳኳም፤ ባርኔጣውን አውልቆ ይጠብቃል። አታስቁሚው እማዬ። ቀድመሽ ውጪና «ና» በይው። ይህች ቃል ከእኔ አፍ ወጥታ ምን እንዳደረገች አይተሻል፤ ከአንቺ አፍ ግን ሁልጊዜ እራት ቀርቧል ማለት ነበረች።

ለእኔ የሚገባኝን ቃል አንቺ ታውቂያለሽ። አልመርጥልሽም፤ ማስተርጎሙንም ትቼ መልስሽን በቤቴ እጠብቃለሁ።

የአባቴ አምላክ ጉልበትሽን ያጽና፣ ጣራሽን ከዝናብ ይጠብቅ፣ ዕንባሽን እሱ ራሱ ያብሰው።

ልጅሽ