ሦስተኛ ቤት

ማክሰኞ፣ ግንቦት 4፤ ጠዋት

የባሌን ጢም ላጨሁት። አገጩ ሥር ትንሽ ቆረጥኩት። ሻይ ጠጣ። ዳቦውን ለወፎች አስቀመጠ። ጠዋት ደህና ነው። የምፈራው ከሰዓቱን ነው።

ማስታወሻዬ፣ ትናንትም ደገመው። ከገበያ ስንመለስ፣ የሕንጻው በር ላይ ስንደርስ፣ ቀጥ። አንድ እግሩ ወደፊት፣ አንዱ ወደኋላ። ግባ ብለው፣ ብጎትተው፣ ወይ ፍንክች። የሕንጻው ጠባቂ ማሪያ በሩን ይዛልን እጇ ዛለ። ገና ነኝ፣ ሦስተኛ ቤት ነኝ ይላል።

ሦስተኛ ቤት! እዚህ በሰው አገር፣ ሻትሌን፣ ያለን አንድ ቤት፣ ያውም ኪራይ። አዲስ አበባ የነበረው ከተቆጠረ ሁለት። ሦስተኛውን የያዘችው ማን ናት? በዚህ ዕድሜዬ ቅናት ያዘኝ ብልሽ ትስቂያለሽ። ባሌ ታደሰ እንዲህ ይታማል? አይታማም። እኔ ግን አማሁት።

ሐሙስ፣ ግንቦት 6

ዝናብ። ደጅ ቆመ። ጃንጥላ ይዤ አብሬው ቆምኩ። ጉልበቴ አለቀ። ልጃችን ሶስና ከሥራ ስትመጣ ሁለታችንንም በስብሰን አገኘችን።

ስትቆጣ አማርኛዋ ያልቅና ፈረንሳይኛው ይመጣል። "እማዬ፣ ሴ ፓ ፖሲብል፣ አይሆንም! አንድ ቀን ትወድቂያለሽ፣ አፕሬ፣ ከዚያ በኋላ፣ ሁለታችሁን ማን ያያል?" የአረጋውያን መኖሪያ፣ እዚህ ኢ.ኤም.ኤስ በሚሉት፣ ለአባቷ አንድ ክፍል ተለቋል። መልሱን እስከ ሰኞ ሳምንት ይፈልጋሉ። ዶክተሩም፣ የመርሳት በሽታው ስለጠናበት፣ ይሻላል ብሏል። እውነቷን ነው። ያናደደኝም እውነቷን መሆኑ ነው። ያለ እሱ ይኼን ቤት ምን አደርገዋለሁ?

ፀጉሩን በፎጣ ሳደርቅለት እጄን ሳመኝ። ከዚያ፣ ግርማ ግባ ሳይለኝ እንዴት እገባለሁ አለ።

ግርማ? የኮሌጅ ጓደኛው፣ እዚሁ አገር ሌላ ከተማ፣ አድሊስቪል ያሉት አቶ ግርማ? በዓል በመጣ ቁጥር የሚደውሉልን? ሦስተኛው ቤት የሴት አለመሆኑ ደስ አለኝ። አፈርኩም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 8

ደወልኩ። አቶ ግርማን ፊት ለፊት ጠየቅኳቸው፦ ታደሰ ስንት ቤት ነው ያለው? ሳቁ። ሳላቸው እስኪቀሰቀስ ሳቁ።

ሳሎን የተሰቀለችው ፎቶ፣ ዱላ የያዙ ወጣቶች፣ ጫፍ ላይ ቀጭኑ ታደሰ። አቧራዋን ስጠርግ የኖርኩት የገና ጨዋታ ቡድን መስሎኝ ነው። ለካ ቤዝቦል! አንድ አሜሪካዊ አስተማሪ አመጣላቸው፣ ልጆቹ ቃሉን ሁሉ ወደ አማርኛ መለሱት። ኳሱን መትተህ ትሮጣለህ። አንደኛ ቤት፣ ሁለተኛ ቤት፣ ሦስተኛ ቤት። መጨረሻ ላይ ወደተነሣህበት ትመለሳለህ፤ እሱ እንዲያው "ቤት" ነው። ሦስተኛ ቤት ያለ ሰው በራሱ አይነሣም፤ ኳሱ ከጀርባው ነው፣ አያይም። አጠገቡ የሚቆም ጓደኛ ቁም ወይም ግባ ይለዋል። ጓደኛው አቶ ግርማ ነበሩ። ዱላው እምቢ ስላለኝ ነው እዚያ ያቆሙኝ አሉ።

ያን ዓመት ማንም አላሸነፋቸውም። የመጨረሻው ጨዋታ ላይ እኩል ለእኩል እያሉ ታደሰ ሦስተኛ ቤት ደረሰ። ዝናብ መጣ፣ ያ የሰኔ ዝናብ። ሁሉም ሸሸ። ታደሰ ብቻ እግሬን ካነሣሁ ይቆጠርብናል ብሎ ቆመ። አቶ ግርማ እጁን ጎትተው ወሰዱት። ጨዋታው በሌላ ቀን ይቀጥላል ተባለ። ትምህርት ተዘጋ፣ አስተማሪው አገሩ ገባ፣ ጨዋታው በዚያው ቀረ።

በር ላይ ቆሞ የሚለውን ነገርኳቸው። ከዚያ፣ "እስከ ዛሬ አልገባም ማለት ነው?" አሉኝ። ዝናብ ላይ የቆመውን ያን ልጅ አላውቀውም ነበር። ወደድኩት።

እሑድ፣ ግንቦት 9

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሞከርኩ። በር ላይ፣ በሙሉ ድምፄ፣ ግባ! ዞር ብሎ አየኝ። በትሕትና፣ አንቺ እኮ የኛ ቡድን አይደለሽም አለኝ። ይኼን ሁሉ ዘመን በትዳር! ሳቅኩ። ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አቶ ግርማ መምጣት አይችሉም፤ ዳሌያቸው ተሰብሮ በሮላተር፣ በባለጎማው መደገፊያ፣ ነው የሚሄዱት። እኛ እንሄዳለን። ሶስና እብደት ነው አለች። እራት ላይ ደግሞ ትኬቱን እኔ እቆርጣለሁ አለች። የአባቷ ልጅ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 15፤ ባቡር ውስጥ፣ ስንመለስ

ባቡሩ ይነቀንቀኛል፣ ጽሕፈቴን ይቅር በዪኝ።

አቶ ግርማ ከረባት አሥረው ሕንጻቸው ደጅ ጠበቁን። ታደሰ አላወቃቸውም። እንደ ባዕድ ጎንበስ ብሎ ጤና ይስጥልኝ አለ። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። ለዚህ ነው እንዴ ያመጣሁት? ከዚያ በሩ ጋ ደረስን። ቀጥ። አንድ እግር ወደፊት።

አቶ ግርማ ሮላተሩን ለሶስና ሰጡ። አጠገቡ ቆሙ፣ ጎንበስ፣ መዳፋቸው ጉልበታቸው ላይ። በመንገዱ ማዶ ወዳለው ወንዝ አሻግረው አዩ። እዚያ አንዲት ሴት ውሻዋን ታንሸራሽራለች እንጂ ምንም የለም። "ቁም" አሉ። ታደሰ ጉልበቱን ሸብረክ አደረገ። "ቁም... ቁም..." እኔ ቀድሜ ገብቼ በሩን ያዝኩ። ክንዳቸውን አሽከረከሩ። "ግባ! ታዴ፣ ቤት ግባ!"

ገባ! ሩጫ አልለውም፣ ግን ጉልበቱ ተነሣ። እኔ ከበሩ ውስጥ ነበርኩ፤ የእግር መጥረጊያውን ረግጦ እቅፌ ውስጥ ወደቀ። ሶስና አሌ ፓፓ፣ በርታ አባዬ! እያለች ትጮኻለች፣ ታለቅሳለች። ገባሁ? አለኝ። ገብተሃል አልኩት።

ስንለያይ አቶ ግርማ ትከሻውን ይዘው፣ ከእንግዲህ ተተኪዬ እሷ ናት፣ እሷ ስትልህ ትገባለህ አሉት። እኔንም አስጎነበሱኝ። "ቶሎ ግባ አይበሉት። መጀመሪያ ቁም ይበሉት።"

ሰኞ፣ ግንቦት 17

መልስ የምንሰጥበት ቀን። ሶስና ከሥራ ቀርታ መጣች። ሦስታችንም ወጣ ብለን ተመለስን። በር ላይ ቀጥ። ሁሉንም ረስቶታል አልኩ። ጎንበስ አልኩ፤ ጉልበቴ ጮኸ። ቁም አልኩት። ዞሮ አየኝ። ቁም ብዬው አላውቅማ፣ ሁሌ መጎተት ብቻ። ቁም... ቁም... ግባ!

ገባ። ማሪያ አጨበጨበች።

ሶስና ስልኳን ይዛ ኮሪደር ወጣች። ክፍሉን ለሌላ ሰው ስጡት ስትል ሰማኋት። እስከ መቼ እንደምንችል አናውቅም። ለአሁኑ ግን እዚሁ ነው፣ ከእኔ ጋር።

አሁን ከሰዓት ነው። ታደሰና ሶስና ለወፎቹ ዳቦ ሊጥሉ ወርደው ነበር፤ በመስኮት አያቸዋለሁ። ዝናብ ጀምሯል። እሱ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ሶስና ጃንጥላ ይዛለት ወደ ላይ፣ ወደ እኔ ታያለች። ልውረድ፣ ቡድኔ እየጠበቀኝ ነው።