ለማሽኑ ጭስ መሳቢያ፣ ለበያጁ ወተት፦ የወንድማችን የሕይወት ታሪክ

የሥራ ባልደረቦቻቸው «ልብስ ሰፊው» የሚሏቸው፣ እኔ ታናሽ እህታቸው ደግሞ አፌን ከፈታሁ ጀምሮ «ጋሼ» ስላቸው የኖርኩት ወንድማችን፣ ከመጋዘን ጠባቂ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው በጥር ወር 1950 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱባት ክፍል አንድ መስኮት ብቻ ነበራት፤ እሱም የጎረቤት ግድግዳ ላይ ነው የሚከፈተው። እናታችን «ይሄ ልጅ አየር ካላገኘ አይተኛም» እያሉ በር ላይ ያስተኟቸው ነበር። ነገሩን ለጨዋታ ማድመቂያ አላነሣሁትም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራችን ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። በቀብር ላይ ሁሉም ሰው ጎበዝ ተማሪ ይሆናል፤ እኔ ግን አልዋሽም። ጋሼ በሂሳብ ደኅና ነበሩ፤ በሌላው ትምህርት ቀልባቸው ውጭ ነበር። ከዚያ ሙያ ማሠልጠኛ ገብተው ብየዳ ተማሩና በ1969 ዓ.ም. ከብረት ቱቦና ከቧንቧ አልጋ፣ የደረጃ መደገፊያና የውኃ መስመር በሚሠራው ድርጅት ተቀጠሩ። እስከ ጡረታቸውም ከዚያ አልወጡም።

በዚያን ጊዜ ቧንቧ የሚቆረጠው በእጅ መጋዝ ነበር። አንዱን ቧንቧ ከሌላው ጎን ለመግጠም ደግሞ አፉ ክብ ሆኖ መጎድጎድ አለበት። ጋሼ ቧንቧው ላይ ወረቀት ጠቅልለው፣ በጠመኔ አስምረው፣ በኦክስጅንና በጋዝ እሳት ቆርጠው፣ ሞርደው ሲገጥሙት መሃሉ ጥፍር አያስገባም። ብየዳቸው እንደ ባለሙያ ስፌት እኩል እኩል ስለሚሄድ ነው «ልብስ ሰፊው» የተባሉት። በ1977 ዓ.ም. የዚያው ድርጅት ቀለም ቀቢ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወልደዋል። ባለቤታቸው እስከ መጨረሻው ድረስ «እሱ ይበይዳል፣ ጉዱን እኔ እሸፍናለሁ» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር።

ዚንክ የተለበጠ ቧንቧ ሲበየድ ነጭ ጭስ ያወጣል። ያን ጭስ የዋጠ ሰው ማታ ያንቀጠቅጠዋል፤ ጠዋት ምንም እንዳልተፈጠረ ተነሥቶ ሥራ ይገባል። ጋሼና ጓደኞቻቸው ጭስ መሳቢያ ይገጠምልን ብለው ጠየቁ። ድርጅቱም ወተት ሰጣቸው። አዎ፣ ወተት! ጠዋት ጠዋት ለአንድ በያጅ አንድ ከረጢት፤ ጭሱን ያጥባል ተብሎ። ማን እንዳለው እግዜር ይወቀው። ጭሱ የሚገባው ሳንባ፣ ወተቱ የሚወርደው ሆድ! ጋሼ ግን ከልባቸው አመኑ። ወተታቸውን ጭልጥ አድርገው ጠጥተው ወደ ጭሱ ይጠጉ ነበር፤ ሰው ራቅ በሉ ሲላቸው «እኔ ወተቴን ጠጥቻለሁ» ይሉ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ወንድ ልጃቸው እዚያው በያጅ ሆኖ ሲቀጠር የመጀመሪያውን ከረጢት በእጁ ያስጨበጡት ራሳቸው ናቸው። «ይሄን ሳትጠጣ እንዳትጀምር» አሉት።

በ2006 ዓ.ም. ቧንቧ በሌዘር የሚቆርጠው ማሽን መጣ። ጋሼ ማሽኑን አልጠሉትም፤ ይህ ይታወቅላቸው። እሳቸው ግማሽ ቀን የሚታገሉትን የቧንቧ አፍ ዓይን ሳይርገበገብ ቆርጦ ሲጥለው አይተው እንደ ልጅ ነበር የሳቁት። ቤት መጥተው «ሞረድ የለ፣ ጠመኔ የለ፣ እንዲያው ቅቤ ነው እኮ የሚቆርጠው!» እያሉ ሲያወሩ ራታቸው ቀዘቀዘ። ቀጥሎ ቧንቧውን ዙሪያውን እየዞረ የሚበይደው ሌላ ማሽን ሲመጣም አዲሶቹን ሠራተኞች ያለ ምንም ቅናት አሠልጥነዋል።

ነገር ግን ከማሽኑ ጋር አብሮ የመጣ ሌላ ዕቃ ነበር፤ ጭስ መሳቢያ። ጭሱ የማሽኑን የጨረር መስታወት እንዳያበላሽ ተብሎ፣ ማሽኑ ገና ሳይነሣ ነው የተገጠመለት። ጋሼ ጠይቀው ጠይቀው በጀት የለም የተባሉትን ዕቃ ማሽኑ ሳይጠይቅ አገኘ። ይባስ ብሎ የእጅ በያጆቹ ጭስ ማሽኑን እንዳይነካው በመካከል ግድግዳ ተሠራና እነ ጋሼ መስኮት ወደሌለው ወደ ኋላው ክፍል ተዛወሩ። ወተቱም ተከትሏቸው ሄደ።

ያን ቀን ጋሼ የወተቱን ከረጢት እንደታሸገ ቤት ይዘው መጡና ጠረጴዛ ላይ አኖሩት። «ለማሽኑ ለምን ወተት አልሰጡትም?» አሉ። ከዚያ በኋላ ወተት ባፋቸው አልዞረም። ልጁን ግን ምን ይበሉት? እንጀራው እዚያ ነው።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጋሼ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚለምኑት፤ ግድግዳው ተበስቶ ከመሳቢያው እስከ ኋላው ክፍል አንድ ቱቦ እንዲቀጠል። ቱቦውን በነጻ እበይዳለሁ አሉ። የማሽኑን መሳቢያ ጉልበት ያደክማል ተባሉ። በ2010 ዓ.ም. ጡረታ ከወጡም በኋላ ልመናውን አልተዉም፤ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ለመድረስ በገዛ እጃቸው የሠሩትን የደረጃ መደገፊያ ይዘው፣ በየመሃሉ ቆም እያሉ ትንፋሽ እየሰበሰቡ ይወጡ ነበር። በመጨረሻ ደረጃው አቃታቸው።

ሳንባቸው ታሞ በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። ሲብስባቸው ኦክስጅን አልጋቸው አጠገብ ቆመ። ሲሊንደሩን ሲያዩ «ከዚህ ጋር ብረት ስንቆርጥ ኖረን፣ ዛሬ እኔን ሊያስታምም መጣ» ብለው ቀለዱ፤ ሳቃቸው ግን ወደ ሳል ተለወጠ። ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ ስድስት ዓመታቸው፣ በተከፈተ መስኮት ሥር፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ድርጅቱ የአበባ ጉንጉን ልኳል፤ እናመሰግናለን። አበባውን ይዘው የመጡት የአስተዳደር ኃላፊ ይህን ጽሑፍ አይተው «ባደረባቸው ሕመም» ቢባል አይበቃም ወይ ሲሉ በትሕትና ጠይቀውኛል። አይበቃም። ሕመሙ ከሰማይ አልወረደም፤ ከኋላው ክፍል ነው የመጣው። ወንድሜን ደግሞ ሸፋፍኜ አልቀብርም።

ጋሼ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጃቸውን እንዲሁም የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ወንድ ልጃቸው ይኸው ከሣጥኑ አጠገብ ቆሟል። ይህን ሳነብ የምትሰሙት ሳል የእሱ ነው። የሐዘን ፈቃዱ ነገ ያልቃል፤ ተነገ ወዲያ ጠዋት ወደ ኋላው ክፍል ይመለሳል፣ ወተቱም ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።

ፈጣሪ የጋሼን ነፍስ ጭስ በማይደርስበት፣ ነፋስ እንደ ልብ በሚገባበት ቦታ ያሳርፍልን። ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው መጽናናቱንም እሱ ይስጥልን። ቱቦውን ግን ከፈጣሪ አንለምንም፤ ፊት ረድፍ ላይ የተቀመጡት ሥራ አስኪያጅ ይስጡን። በያጅ እንደሆነ እዚሁ ቆሟል።