ለሲስተር ማርታ ክሊኒክ የሠራሁት ታንከር

ሰኞ
በጥልቅ ሐዘን እገልጻለሁ፤ ዛሬ ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ አንድ ዝንብ በታንከሩ ጽሑፍ እርጥብ ቀለም ላይ ተጣብቆ ዐርፏል። ቀብሩ በጥፍሬ ተፈጽሟል።

ሌላው ዜና መልካም ነው። የክሊኒኩን ሽንት ቤት የሚመጥጠው ታንከር አለቀ። ኦቦ ጂሎ፣ የጋራዣችን አንጋፋ በያጅ፣ «ስድስት ሚሊ ጥቁር ላሜራ አድርገው» ብለውኝ ነበር። እኔ የማይዝገውን፣ ሁለት ሚሊውን መረጥኩ። ጠንካራ ብረት ነው፤ ቢሳሳም ይችላል። ደግሞ ያበራል።

ማክሰኞ
አየር ሞልተን፣ የሚያፈስ ካለ እንዲታይ ሳሙና ቀባነው። አንድ አረፋ አልወጣም። ኦቦ ጂሎ «ነፋነው። ሥራው ግን መምጠጥ ነው» አሉ። ሰው ሲያረጅ ይጠራጠራል።

የክሊኒኩ ኃላፊ ሲስተር ማርታ መጣች። ጉድጓዱ ሞልቷል። እስከ ዓርብ ካልተመጠጠ ማዋለጃው ይዘጋል፤ ምጥ የያዛት ሁሉ ክብረ መንግሥት ሆስፒታል ድረስ ልትሄድ ነው።
«እየጸለይን ነው» አለች።
«ለታንከሩ ነው ለእኔ?»
«ለእናቶቹ።»

ረቡዕ
ክሊኒኩ ግቢ ወስደነው፣ ቱቦውን ሳንከፍት መጀመሪያ የታንከሩን አየር መጠጥን። ውስጡ ባዶ ሲሆን የውጭው አየር ዙሪያውን ተጫነው። ዷ። ጎኑ እንደተረገጠ የዘይት ጣሳ ገባ። አልተቀደደም፣ ብየዳውም አልለቀቀም። ጥንካሬውን እንደጠበቀ ተጨማደደ።

አግዳሚው ላይ የተቀመጠች ነፍሰ ጡር ጎረቤቷን «ይኼ ነው እኛን የሚያተርፈን?» አለቻት። ሳቁ። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ሐሙስ
ኦቦ ጂሎ ከጋራዡ ጀርባ ወሰዱኝ። አሮጌ የውሃ ቦቴ፣ ዝገታም፣ ግን ስድስት ሚሊ።
«ስትነፋው ብረቱ ይወጠራል፤ እዚያ ጥንካሬው ይሠራል። ስትመጥጠው ግን ይታጠፋል። ለመታጠፍ የሚያስቸግረው ወፍራሙ ነው። ዙሪያውን የብረት ቀለበት ስታስርለት ደግሞ ይበልጥ ያስቸግራል።»
«ምነው እንዲህ ብለው ቢነግሩኝ?»
«ልነግርህ ስል አንተ በሚያበራው ብረትህ ላይ ፊትህን ታያለህ።»
ሦስት ወፍራም ቀለበት ዙሪያውን በየድን። እጄ ተቃጥሏል። ቀለም አልቀባንም።

ዓርብ
ፓምፑ ሲነሳ ሁሉም ሸሸ፣ እኔም። ኦቦ ጂሎ ብቻ መዳፋቸውን ጎኑ ላይ አሳርፈው ቆሙ። ታንከሩ አቃሰተ፤ ጎኑ ግን አልገባም። ጉድጓዱ በግማሽ ጎደለ፤ ቀሪው ነገ ነው። ማዋለጃው ክፍት ነው። ከሰዓት አንዲት ወለደች።

ማስተካከያ፦ በሰኞው ማስታወሻ «ጠንካራ ብረት ነው፤ ቢሳሳም ይችላል» የተባለው፣ «ከውጭ ሲጫኑት የሚችለው ውፍረቱና ቀለበቱ ነው» ተብሎ ይነበብ። በማክሰኞው «ይጠራጠራል» የሚለው «ያውቃል» ተብሎ ይታረም። ለተፈጠረው ስህተት አንባቢን ይቅርታ እንጠይቃለን። ኦቦ ጂሎን ግን ገና አልጠየቅኋቸውም።