ሰፋ አድርጊው ያልሽኝ ቀሚስ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፤

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ባለቤትሽ ዛሬም እንደ ጉድ ያንኮራፋል? እኔ፣ ተመስገን፣ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ እንደ ድሮው ለወጉ ያህል አይደለም።

እታለም፣ የሕክምና ተማሪዎች ለሴቶች ነፃ ክሊኒክ ከፈቱ ስልሽ “መለማመጃ ሊያደርጉሽ ነው” ብለሽ ስቀሽብኝ አልነበር? እውነትም መለማመጃ ሆንኩልሽ! የሄድኩት ለወገቤ ነበር፤ ስፌት መኪና ላይ ጎብጬ ስውል የሚይዘኝን ታውቂዋለሽ። አንዲት ልጅ እግር ተማሪ ግን፣ ከመጡ አይቀር ጡትዎንም ልይዎት አለችኝ። እጇ በረዶ! እኔው አሸት አሸት አድርጌ አሞቅሁላት።

ስትዳስሰኝ ቆይታ እጇ አንድ ቦታ ላይ ቀረ። እርግጠኛ አይደለሁም፣ አስተማሪዬን ልጥራ አለች። ደሜ ፈላ። ካላወቅሽ ምን አስነካሽ ብዬ ጮህኩባት፤ ምላሴን በቆረጠው! አስተማሪዋ መጥታ እንደ አዲስ ዳሰሰችኝ፤ ደንባቸው እንዲያ ነው። አተር የምታክል እብጠት ናት፤ እኔ ባለቤቷ እንኳ አላውቃትም ነበር።

ካንሰር ሆና ተገኘች። አትደንግጪ፣ አልቋል! ሳትዛመት ስለተደረሰባት እነሱው በሚማሩበት ሆስፒታል በነፃ ቆርጠው አወጡልኝ። ያቺ ልጅ ከጎኔ አልተለየችም። ስነቃ ከኔ ብሳ ስታለቅስ አገኘኋትና፣ ታማሚዋ ማናችን ነን ብዬ አሳቅኋት። የወለደቻት ማህፀን ይባረክ! አላውቅም ብላ ባትጠይቅልኝ ኖሮ ዛሬ የት ነበርኩ?

አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። ልጅቷ፣ ከቤተሰብ እንዲህ ያለበት ሰው አለ ወይ ስትለኝ፣ የለም ብዬ በሙሉ አፌ መለስኩላት። ቤቴ ስገባ ያንቺ ቀሚስ ስፌት መኪናው ላይ ተቀምጧል። ባለፈው ስለካሽ፣ ሜትሩ በግራ ጡትሽ በኩል ሲዞር እጄን ይዘሽ “ይበቃል፣ ዝም ብለሽ ሰፋ አድርጊው” አልሽኝ። እኔ ሞኟ ወፍረሽ አፍረሽ መስሎኝ ሳቅሁብሽ።

ቀሚስሽ አልቋል፤ በሰው እጅ ግን አልልከውም። ራስሽ መጥተሽ ለክተሽ ትወስጂዋለሽ። አርብ ማታ እኔ ዘንድ እደሪ፤ ክሊኒኩ የሚከፈተው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ለልጅቷም እህቴ ትመጣለች፣ እጅሽን ከወዲሁ አሙቂ ብያታለሁ።

ፈጣሪ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ አንቺን ከማጣት ይሰውረኝ።

አዝለሽ ያሳደግሻት ታናሽሽ