ከስሎቫኪያ የመጣ መርዶ

ረቡዕ፣ ኅዳር 3። ማታ

የፈተና እርማት። ስምንተኛ ለ ክፍል አሁንም የትናንቱን በነገ ጊዜ ይጽፋሉ። በእንግሊዝኛ አስተማሪነቴ የቀረኝ ተስፋ እንደ መብራታችን ነው፣ መጣ ሲሉት ይሄዳል።

አባዬ የሳምንቱን የሬድዮ ፕሮግራም ሰምቶ ጨረሰ። ከብራቲስላቫ በእንግሊዝኛ የሚሰራጨውን፤ ስለ ስሎቫኪያ ምንም ለማያውቅ የውጭ ሰው የሚዘጋጀውን። ኔትወርክ ሲመጣ እኔ አወርድለታለሁ፣ እሱ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ይሰማል። የዛሬው፦ የፓርላማ ጭቅጭቅ። ተራራ ላይ የበግ አይብ የሚያወጡ ሰዎች። ኮሚኒስቶቹን የጣለው የተማሪዎች ሰልፍ የሚታሰብበት በዓል ዘንድሮ የሥራ ቀን ሆነ የሚል ክርክር፣ መንግሥት ወጪ ለመቆጠብ ነው አሉ። አባዬ በሳቅ ሞተ። እዚህ ሚካኤልን የሥራ ቀን ነው የሚል ሹም ቢመጣ የት ያድር ነበር አለ።

አንተ ደብተር አዲስ ስለሆንክ ልንገርህ። አባዬ ጡረታ የወጣ የእንስሳት ሐኪም ነው። በወጣትነቱ ኮሺትሴ ከተማ ተምሯል፣ አገሩ ገና ቼኮዝሎቫኪያ ሲባል። ሽቴፋን የመኝታ ክፍል ጓደኛው ነበር፤ የበግ አርቢ ልጅ፣ የተራራ ሰው። በዓል ሲመጣ መንደሩ ይዞት ይሄዳል። አባዬ በመጀመሪያው ክረምታቸው በስስ ጃኬት ሲንቀጠቀጥ የሽቴፋን እናት የሟች ባሏን ካፖርት አሳጥራ አለበሰችው። ከዚያ ወዲህ ስንት መንግሥት ተለወጠ፣ የነሱም አገር ለሁለት ተከፈለ፣ ሁለቱ ግን ተጠፋፍተው አያውቁም። አሁን በድምፅ መልእክት ነው የሚያወሩት። አባዬ ዐይኑ ላይ ሞራ ስላለ ስልኩን የምከፍትለት እኔ ነኝ።

የፕሮግራሙ አዘጋጅ ካታሪና ትባላለች (ከእንግዲህ ካ.)። ድሮ አገሯ የተማሩ የውጭ ሰዎችን እያፈላለገች ታነጋግራለች። ሁለቱን ሽማግሌዎች በአንድ መስመር ልታገናኝ ነው፣ ሐሙስ ሳምንት፣ ከቀኑ 9 ሰዓት።

አባዬ ከአሁኑ ይለማመዳል። ለውጭ ሰው የሚነገረው ቤተ መንግሥትና ተራራ ብቻ ነው ይላል፤ እኛስ ለቱሪስት ፋሲልንና ስሜንን አሳይተን አይደል የምንሸኘው። እሱ ግን ትራም ውስጥ ፀጉሩን ይነካኩት የነበሩትንም፣ ሽቴፋን ስለ እሱ ሲል የተደባደበውንም ሊያወራ ነው። ካ. ደስ ይላት እንደሆነ እንጃ።

አርብ፣ ኅዳር 5። ከት/ቤት

ካ. ጻፈችልኝ። ሽቴፋን ማክሰኞ ዕለት ሞቷል። ልቡ ነው።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መምህራን ክፍል ውስጥ ነኝ፣ አጠገቤ ስለ ደመወዝ ይጨቃጨቃሉ።

ሚስቱ ማርታ ቀረጻው እንዳይቀር ትፈልጋለች ትላለች ካ.። አባቴ አስቀድሞ ይወቅ ወይስ እሷው በቀረጻው መጀመሪያ ቀስ አድርጋ ትንገረው? የምትጠይቀኝ ይህን ነው። ደግ ሴት ናት፣ ቃሏ ለስላሳ ነው፣ ምንም ክፋት የላትም። ግን መርዶ በስልክ! ያውም እየተቀረጸ!

ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ ስድስተኛ ክፍለ ጊዜ ገባሁ።

ቤት ስደርስ አባዬ ሁልጊዜ የሚጠይቀኝን ሁለት ጥያቄ ጠየቀኝ። ሽቴፋን ምን አለ? አያ ታከለስ? አያ ታከለ ታላቅ ወንድሙ ነው፣ አይከል አጠገብ ገጠር ይኖራል፤ መንገዱ ከተዘጋ፣ ስልኩም ከጠፋ ወዲህ ድምፁን አልሰማንም። ለሁለቱም ኔትወርክ የለም አልኩ። አንዱ እውነት፣ አንዱ ውሸት፣ በአንድ አፍ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

አራዳ ገበያ ወረድኩ፣ ሐጂ ኑሩ ሱቅ። ሐጂ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፣ የአባዬ የዕድሜ ልክ ወዳጅ፣ ጎረቤታችንም። ጣቃውን አስቀምጠው አዳመጡኝ። ስለ ሽቴፋን ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ ለካ፤ የካፖርቱን ወሬ አባዬ ስንት ጊዜ አውርቶላቸው ኖሯል።

እኔው ቀስ አድርጌ ልንገረው ወይ አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጅ ለአባቱ መርዶ አይነግርም። ሲያዝን በማን ላይ ሊደገፍ ነው?»

ደንቡን አውቀዋለሁ፣ ግን ሰው ሲለው ደስ አለኝ። የሥጋ ዘመድ መኖር አለበት፣ አያ ታከለ ቢመጣ መልካም ነበር አሉ። በየት በኩል? ስለዚህ ራሳቸው ሊነግሩት ነው። ረቡዕ ጠዋት፣ ቁርሱን በልቶ፣ የደም ግፊት ክኒኑን ውጦ። እኛ ዘንድ ለወዳጅ አይለቀስም ያለ የለም፣ ፈረንጅም ቢሆን ሰው ነው አሉ።

ከዚያ ወደ ዕድሩ ሊቀ መንበር። ድንኳኑንና ወንበሩን ለመጠየቅ። ውጭ አገር ያለ ጓደኛ በመተዳደሪያ ደንቡ የለም አለ። የአማት አጎት አለ፣ የሚስት የእህት ባል አለ፣ ጓደኛ የለም። አባቴ እኮ የዚህን ሰውዬ ላሞች በነፃ ሲያክም ነው የኖረው። ልናገረው ብዬ ምላሴን ነከስኩ። እግዜር ያጽናችሁ ብሎ በሩን ዘጋ።

እሁድ፣ ኅዳር 7። ከሰዓት

አባዬ የሽቴፋንን የድሮ ድምፆች እየደጋገመ ያስከፍተኛል። ሐሙስ በምን እንደሚቀልድበት ይመርጣል። ወፍራም ድምፅ፣ መሀል ላይ ሳል፣ ከዚያ ረዥም ሳቅ። ቋንቋውን ባልሰማም ሳቁን ለይቼ አውቀዋለሁ። አባዬ አብሮት ይስቃል፣ ይመልስለታል፣ ስልኩን ይቆጣዋል። እኔ ኮቱን እተኩሳለሁ። ለሐሙስ ይለብሰዋል፣ ሬድዮ ላይ ኮት እንደማይታይ ብነግረውም።

እፈራለሁ። ይሄው ነው፣ ሌላ ምን እላለሁ። ደንግጦ ቢወድቅብኝስ? እናቴን ከቀበርን ወዲህ ከሱ ሌላ ማን አለኝ። አንዳንዴ ደግሞ በሽቴፋን እናደዳለሁ፣ ለሐሙስ ሳትደርስ ምነው እላለሁ። ሟችን መቆጣት ነውር ነው። ጻፍኩት ግን።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ለካ. መለስኩላት። ሐሙስ 9 ሰዓት ሳይሆን እንዳትደውል፣ ረቡዕ ጠዋት ሽማግሌዎች ይነግሩታል አልኩ። ተገረመች። እነሱ ዘንድ በስልክም በጽሑፍም ይነገራል፣ የቶሎው ይሻላል ይባላል አለች። እኛ ደግሞ ሰው ብቻውን ሆኖ ሐዘን እንዳያገኘው እንደብቃለን፣ አልቃሽ እስኪሰበሰብ አንድ ወርም ቢሆን አልኳት። ይህን በፕሮግራሜ ብናገረው ትፈቅጃለሽ አለች። አልፈቅድም። አሁን አይደለም።

ጎረቤታችን እትዬ ዘውድነሽ ነገ ትመጣለች። ሐጂ ሁለት ሰው ይዘው ይመጣሉ።

እራት ላይ አባዬ ዐይኔን ለምን እንደምሸሽ ጠየቀኝ። በፈተና አሳበብኩ። ሞራ ያለበት ሰው ይህን እንዴት አየ?

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ከየት ልጀምር።

ጠዋት ገንፎውን በላ፣ ክኒኑን ዋጠ። ደጁን ገርበብ አድርጌ ትቼዋለሁ። ሐጂ ቀድመው ገቡ፣ ከኋላቸው ሁለቱ ሰዎች፣ ከዚያ እትዬ ዘውድነሽ። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች፤ የሐዘን አለባበስ። ማናችንም ይህን አላሰብንም። የተስማማነው መጀመሪያ ሰላም እንዲሉት፣ ቁጭ እንዲሉ፣ ወሬ እንዲያወሩና ቀስ ብለው እንዲነግሩት ነበር።

በጠዋት ተሰብስቦ የሚገባ ሰው፣ የተዘቀዘቀ ነጠላ። አባዬ ፊታቸውን አይለይም፣ ይህን ግን ለየ። ከመቀመጫው ተነሣ።

«አያ ታከለ! አያ ታከለ ወንድሜን!» አለና ደረቱን ደቃ።

ወዲያው ሙሾ ጀመረ። የታላቁን ስም እየጠራ፣ ያሳደገውን፣ ተማር ብሎ በሬውን የሸጠለትን። እትዬ ዘውድነሽ ነገሩ ሳይገባት ተቀበለችው። ክፍሉ በአያ ታከለ ለቅሶ ሞላ። እኔ ደንዝዣለሁ። ከስንት ጊዜ ወዲህ ድምፁ ያልተሰማ ወንድም ያለው ሰው መርዶ ነጋሪ ሲያይ ማንን ያስባል? እንዴት አንዳችንም አልታየንም! ስለ ስሎቫኪያው ስንጨነቅ የአይከሉን ረሳነው።

ሐጂ ትከሻውን ይዘው አናወጡት።

«አያሌው፣ አያሌው ስማኝ። ታከለ አይደለም። በታከለ ክፉ አልሰማንም። ሽቴፋን ነው፣ ወዳጅህ።»

አባዬ ሙሾውን አቋረጠ። ከዚያ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ «ተመስገን!» አለ።

ከልቡ ነው የወጣው። ጥርት ብሎ።

እትዬ ዘውድነሽ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሐጂ መሬት መሬት አዩ። አባዬ እጁ እንደተዘረጋ ቀረ፤ ያለውን ራሱ የሰማው ቆይቶ ነው። ቀስ ብሎ እጁን አወረደ፣ ወንበሩን ትቶ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ።

አላለቀሰም። ጎረቤት ወጣ ገባ አለ፣ ከጠበቅነው በላይ ሰው መጣ፣ የዕድሩ ሊቀ መንበርም ሳይቀር በራሱ ስም መጥቶ ተቀመጠ። ሁሉም ያጽናህ ይለዋል። አባዬ ራሱን ብቻ ይነቀንቃል። ሽቴፋን መቼ እንደሞተም አልጠየቀም። ቢያለቅስ በወደድኩ። ሙሾውን ሁሉ በሕይወት ላለ ሰው ጨርሶት ለሟቹ ምንም አልተረፈውም።

ጥፋቱ የኔ ነው ልለው ሞከርኩ። በእጁ አስቆመኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11። ጠዋት

ከት/ቤት ፈቃድ ወስጃለሁ።

ሐጂ ገና በማለዳ መጡ። አንድ ሾፌር በእግርም በመኪናም እያለ ከአይከል ደርሷል፤ አያ ታከለን በዓይኑ አይቶታል። ደህና ነው፣ ጤፉን አጭዶ ክምር ላይ ነው። እኔ ሐጂን አቅፌ አለቀስኩ። አባዬ ሰማ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ያችን ቃል ሊደግማት አልቻለም። ራሱን ብቻ ዝቅ አደረገ።

ቆይቶ ለካ. ጻፊልኝ አለኝ። ስለ ተማሪነቱ ዛሬ አያወራም። ማርታን ታገናኘው። ለቅሶ መድረስ አለበት፣ በእግሩ ባይችል በድምፁ። ማርታ ከፈቀደች ይቅረጹት፣ ካልፈቀደች ይተዉት። ጻፍኩ። ካ. ወዲያው መለሰች፤ ማርታ እሺ ብላለች፣ ይቀረጽም ብላለች። ሽቴፋን ይህን ቀን ሲጠብቀው ነበርና።

8 ሰዓት ተኩል

ተጣላን። በለቅሶ ቤት ከአባቴ ጋር ተጣላሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምን እንደሚላት ጠየቅኩት፣ ያጽናሽ በሚል እንዲጀምር ላስታውሰው ብዬ። የለም አለ። መጀመሪያ ትናንት ከአፉ የወጣውን ይነግራታል።

አበድክ እንዴ አባዬ አልኩት። ማን ሰማህ? አራት አምስት ሰው፣ ሁሉም ወዳጅ። ባሏን ቀብራ ሳምንት ያልሞላት ሴት ናት፣ ለምን ይህን ታሸክማታለህ? ደግሞ ይተላለፋል፣ ከየአገሩ የሚያዳምጠው የውጭ ሰው ስለኛ የሚሰማው ይህን ይሁን? የጓደኛውን ሞት ሰምቶ ፈጣሪን ያመሰገነ ሐበሻ? ደንቡን እኔ አበላሸሁት፣ በኔ አሳብብ አልኩት።

ጨርሼ እስክናገር ጠበቀኝ።

«እናቱ ያለበሰችኝን ለብሼ የኖርኩ ሰው ነኝ» አለ። «ለቅሶ ቤቱ ሸፋፍኜ አልገባም። ወንድሜ አልሞተም ብዬ ነው ያመሰገንኩት። እሱ ግን ያን ጊዜ ሞቶ ነበር። እሷ ትፍረድ።»

ከፈረደችብህስ አልኩ።

«ይገባኛላ።»

ኮቱን አልለበሰም። ጋቢውን አጣፍቶ ምንጣፉ ላይ ነው። ስልኩን አጠገቡ አስቀመጥኩት፣ ድምፁን ከፍ አድርጌ። ሐጂም መጥተው ተቀምጠዋል፣ ቋንቋውን እንደኔው አያውቁትም፣ ግን አይሄዱም። የምጽፈው እጄ ሥራ እንዳይፈታ ነው።

9 ሰዓት

ጠራ። ካ. ናት፣ በእንግሊዝኛ ሰላምታ፣ አጭር። ከዚያ የአሮጊት ድምፅ።

አባዬ ማርታ አለ። ከዚያ በኋላ ያለው ቋንቋ የነሱ ነው፣ አንድ ቃል አይገባኝም። እሱ ረዥም ይናገራል፣ አይቸኩልም። የአያ ታከለን ስም ሰማሁ። የሽቴፋንን ስም ሰማሁ። ደረሰ ማለት ነው። አሁን ነገራት።

ወዲያ ማዶ ጸጥ አለ። ካ. እንኳ ትንፍሽ አትልም። ቆየ። በጣም ቆየ። መስመሩ ተቆርጦ ይሆናል ብዬ ስልኩን ላነሣ ስል አባዬ እጄን ያዘኝ።

አልተቆረጠም። አንድ ነገር ትናገራለች፣ ቀስ ብላ፣ ከእንባ ጋር። አባዬ ጎንበስ ብሎ ይሰማታል። የያዘውን እጄን አልለቀቀም፣ በግራ እጄ ነው የምጽፈው፣ ሐጂ ሊይዙት ተነሡ፣ አባዬ እያለቀሰ ነው፣ የሽቴፋንን ስም እየጠራ።