ስለሺ ባልመጣበት ጥናት ላይ እንዳትፈርም

አይደለም ሕሩይ! ዋጋ የሰበረ ሁሉ ሥራ ያውቃል ማለት አይደለም። ማን ጠየቀሽ ትል ይሆናል፤ ማንም አልጠየቀኝም። ንዴቴ ሲንተከተክ ሰንብቶ እስክሪብቶ ስይዝ ገንፍሎ ወጣ፣ ሰላምታውን እንኳ ቀደመብኝ። ለመሆኑ እንዴት ነህ ወንድሜ? ወገብህን ተሻለህ? ስኳሩስ? የሚስትህ የሐረገወይን ጉልበትስ እንዴት ሆነ? እኔ እዚህ ቻምብሊ ደኅና ነኝ፤ ከደም ግፊቴ በቀር የሚጣላኝ የለም፣ እሱም ሰሞኑን ተነሥቶብኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እዚሁ አትላንታ ዳር፣ ዱሉዝ፣ ልጄ ስለሺ ቤት ምሳ በላን። ልጁ ሚካኤላ፣ እግዜር ይባርካትና፣ እማማ የናንተን ከተማ አገኘሁት ብላ ላፕቶፗን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። የአባቷ መሥሪያ ቤት ለከተማችን ውሃ ያጠናው ጥናት ነው። በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ እያነበበች ታስረዳኛለች። ዋናው ባለሙያ አባዬ ነው፣ ስድስት ወር እዚያው ተቀምጦ ነው ያጠናው ይላል አለችኝ። ስድስት ወር! ስለሺ አገሩን የረገጠው ለእናታችን ሙት ዓመት ነው፤ ያውም አራት ቀን፣ ያውም ሁለቱን ቀን ሆዱን አሞት ተኝቶ። ቀጥላ ደግሞ ጉድጓዱ የሚቆፈረው ከገብርኤል በታች ሜዳው ላይ ነው ስትለኝ የጠቀለልኩትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለስኩት። ያ ውሃ ጠፋህ? በልጅነታችን ላሞቹ እንኳ አሽትተውት የሚመለሱት!

ስለሺን አፋጠጥኩት። እማዬ፣ አሠራሩ ነው አለኝ። ለጨረታው የሱን ሲቪ አስገቡ፣ በስሙ አሸነፉ፤ በዚያ ዋጋ እሱን መላክ አያዋጣም ብለው ደግሞ ገና ከኮሌጅ የወጣች ልጅ ላኩ። እሷም ሦስት ሳምንት ሆቴል ተቀምጣ ተመለሰች። በርካሽ የጠራ መንግሥት በርካሽ ይስተናገዳል አለኝ፣ ሳያፍር። እጄ አርጅቶ ነው እንጂ በጥፊ ነበር የምለው።

እናንተንም፣ ጥናቱን ያዘዛችሁትን፣ ግን አልምርም። አምና በስልክ ስታማርር አንተው ነህ የነገርከኝ፤ ኮሚቴው የጨረታውን ፖስታ ከፈተ፣ ትንሹን ዋጋ አየ፣ አጨበጨበ። አባታችን ግንበኛ ሲቀጥር ረሳኸው? ሰውዬው የሠራውን ቤት ሄዶ ግድግዳውን በመዳፉ ይመታው ነበር። ባለቤቱን ዘንድሮ አፈሰሰ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ ግንበኛውን አስጠርቶ፣ አንተው ራስህ ነህ ወይስ ሌላ ልትልክብኝ ነው ብሎ ያስምለዋል። ሲከፍልም አይሰስትም ነበር። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ያወቀውን እናንተ ባለ ዲግሪዎቹ እንዴት አጣችሁት? ስሙ የተጻፈውን ሰውዬ ጠርታችሁ ፊታችሁ ብታስቀምጡት ምን ነበረበት? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፣ ይኸው ነው።

አሁን ወደ መጣሁበት። ጥናቱን ተረክበህ የምትፈርመው አንተ መሆንህን ስለሺ ያውቃል። አጎቴ ያንቺን ቃል አይጥልም፣ ፈርም ብለሽ ጻፊለት፣ ወዳጃችን ዘነበወርቅ ነገ ወደ አገር ቤት ስለምትበር በሷ እልካለሁ ብሎኝ ነው የሄደው። ካልፈረመ ከሥራ ያባርሩኛል፣ የቤቱን ሞርጌጅ በምን እከፍላለሁ እያለ እንባ እንባ አለው። ልጄ ነው ሕሩይ። ግን እንዳትፈርም። ያንን ውሃ የሚጠጡት የልጅህ የራኬብ ልጆች ናቸው እንጂ የዱሉዝ ሰዎች አይደሉም። አለቆችህ ይቆጡሃል፤ ይቆጡ። ጡረታህ ስድስት ወር ቀርቶት በዚህ ፊርማ ነው የምትወጣው? በስለሺ ፈንታ የተላከችውንም ምስኪን ልጅ አትውቀሱ፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሆንባችኋል። የልጄን ስም ጻፉት። አልመጣም ብላችሁ ጻፉት።

ሐረገወይንን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ጉልበቷን በሞቀ ጨው ትታሽ። ራኬብን ከነልጆቿ አንድ ባንድ ሳምልኝ፣ ትንሹን ሁለቴ። ጎረቤታችንን ጎሹን፣ አለች በለው፣ አሁንም እንደ ድሮው ሰው ያማል ወይ

በሩ ተንኳኳ። ስለሺ ነው፤ እማዬ ጨረስሽ ወይ፣ ዘነበወርቅ እየጠበቀችኝ ነው ይላል። ፖስታውን አላሸግኩትም፤ መንገድ ላይ ከፍቶ ያንብበው። ይህ ወረቀት እጅህ ከገባ፣ ልጅ ወልጃለሁ ማለት ነው።

እህትህ መዓዛ
ቻምብሊ፣ አትላንታ
ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.